አልጋውና ወንበሩ

ጎልፍ ሲጫወቱ የዋሉት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ሆዳቸው አልመች ሲላቸው ጥፋቱን በምሳ በበሉት ሽንኩርት ላይ ጣሉት። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23፣ 1955 ሲሆን ቦታው ለዕረፍት የሄዱበት የኮሎራዶዋ ዴንቨር ነበር። ሌሊት ላይ ደረታቸውን የሚጨምቅ ሕመም ከእንቅልፍ ቀሰቀሳቸው። ባለቤታቸው ሜሚ የሆድ መድኃኒት ሰጧቸው፤ ሐኪምም አስጠሩ። በማግስቱ ጠዋት ለጋዜጠኞች የተነገረው ወሬ የሆድ መታወክ ነው የሚል ነበር። ከሰዓት በኋላ የልብን ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ ሲነሡ ግን የልብ ቧንቧቸው መዘጋቱ ታወቀ፤ 7 ሳምንት ወደቆዩበት የጦር ሠራዊት ሆስፒታልም ተወሰዱ።

ይህን ታሪክ ደሴ ወይም አዳማ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው የራሱን ቤት ያገኝበታል። እኛ ዘንድም ደረት ላይ የሚቀመጥ ሸክም የመጀመሪያ ስሙ ጨጓራ ነው። አባት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ዛሬ ደግሞ ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይላሉ፤ ቤቱም ያምናቸዋል፤ ተልባ ይበጠበጣል፣ ሌሊቱ ያልፋል። እናትማ ስም እንኳ አይሰጡትም። የሴቶች የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ በድካም፣ በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ፣ ጀርባና መንጋጋ ላይ በሚሰማ ሕመም ስለሚመጣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለው ጉድ ጉድ ማለታቸውን ይቀጥላሉ። ይህን ሁሉ አለማወቅ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጨጓራ ማንንም ከቦታው አያነሣም፤ አባት አባት፣ ልጅም ልጅ እንደሆነ ያድራል። ልብ ነው የተባለ ዕለት ግን ሲጠብቁ የኖሩት ተጠባቂ፣ ሲያዙ የኖሩት ታዛዥ ይሆናሉ። ቤተሰብ ከሕመሙ እኩል የሚፈራው ይህን መገለባበጥ ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ጊዜ ይበላል፤ ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ በደቂቃና በሰዓት ይሞታል፣ ከሞተም ተመልሶ አያድግም።

በዴንቨር ይበልጥ የሚደንቀው በ3ኛው ቀን የሆነው ነው። ከቦስተን የተጠሩት የልብ ሐኪም ፖል ዳድሊ ኋይት ጋዜጠኞችን ሰብስበው የፕሬዚዳንቱ ልብ ምን እንደደረሰበት፣ የተጎዳው ጡንቻ እንዴት እንደሚጠግ፣ ሆዳቸው መሥራቱን እንኳ ሳይቀር ለሕዝቡ አስረዱ። በዚያው ዕለት የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በድንጋጤ ወርዶ ነበር። ኋይት ግን የተድበሰበሰ ሕመም በግልጽ ከተነገረው ይልቅ እንደሚያስፈራ ገብቷቸዋል። እውነቱ ሳይሸራረፍ ለሕዝብ ይነገር ያሉት ደግሞ በሽተኛው ራሳቸው ናቸው።

በእኛ ሆስፒታሎች ኮሪደር የሚታየው ሌላ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ይወጣና የታማሚውን ቤተሰብ ይጠራል። ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ፈንጠር ብሎ ይሰማል። ሲመለስ ፊቱን አስተካክሎ «ትንሽ ድካም ነው፣ ቫይታሚን ታዞልዎታል» ይላል። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ አይደለም። መርዶ በወጉና በሰዓቱ፣ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት የሚነገርበት አገር ልጅ ነው፤ ክፉ ወሬ ብቻውን ሰው እንደሚገድል እየሰማ አድጓል። ልቡ የታመመን ሰው ማስደንገጥም በእውነት ያስፈራል።

ታዲያ አባት አያውቁም ማለት ነው? ያውቃሉ። ደረጃ ሲወጡ የሚያጥራቸውን ትንፋሽ፣ ሊተኙ ሲሉ የሚደራርቡትን ትራስ፣ ማታ ማታ የሚያብጠውን እግራቸውን ከማንም በላይ ያውቁታል። የልጆቻቸውንም ፊት ያነባሉ። አውቀውም ልጆቻቸው እንዳይሰጉ ዝም ይላሉ። ልጆች ከአባት ይደብቃሉ፣ አባት ከልጆች ይደብቃሉ፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ለየብቻው ይጨነቃል። ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ውስጥ በሽተኛውን ከሕመሙ አብልጦ የሚያሠቃየው ይኸው ነው፤ ሁሉም እያወቀ ማንም እንዳላወቀ መሆኑ።

ዝምታው በአካል ላይ የሚታይ ዋጋም አለው። የተዘጋ የልብ ቧንቧው በስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ፣ የተከፈተለት ሰው አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል የተባሉትን መድኃኒቶች፣ ብዙ ጊዜ እስከ 1 ዓመት፣ አብሮ እንዲወስድ ይታዘዛል። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ካቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋና ቧንቧው መልሶ ሊዘጋ ይችላል። ቫይታሚን ነው የተባሉ አባት ደህና ነኝ ባሉ ማግስት ኪኒኑን ቢተዉ በምን ይወቀሳሉ? ለቫይታሚን ብሎ የጡረታ ገንዘቡን የሚጨርስ ማን አለ? ልባቸው ደክሞ ውሃ የሚቋጥሩ እናትም በየጠዋቱ እንዲመዘኑ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ከጨመሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም እንዲነግሩ ይመከራል። ሕመማቸውን በስሙ የማያውቁ እናት ሚዛኑ ላይ የሚወጡበት ምክንያት የላቸውም።

እውነትን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ትንፋሽ መዘርገፍም ጭካኔ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ «አባዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ልንገርዎት ወይስ ለእኛ ይተዉልን?» አንዳንዱ አባት ሁሉንም እስከ ጫፉ መስማት ይሻል። ሌላው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለእናንተ ትቼዋለሁ» ይላል፤ እርሱም ቢሆን በራሱ ጉዳይ ላይ ወስኗል። ሁለቱን ከተታለለው የሚለያቸው የተጠየቁ መሆናቸው ነው። ሰው በገዛ ሕመሙ ላይ ቢያንስ ይህቺን ያህል ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

የሕክምናው ዓለምም ከቤተሰብ ያልተናነሰ ይፈራ ነበር። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰበት ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጀርባው ይተኛ ነበር። ያጎርሱታል፣ ያጥቡታል፣ በራሱ እንዲገላበጥ እንኳ አይፈቀድለትም። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ የተጎዳ ጡንቻ ማረፍ አለበት። በቦስተኑ ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሳሙኤል ሌቪን ግን አልጋው ራሱ ሰው እየገደለ መሆኑን ጠረጠሩ። ሳይንቀሳቀስ በሚውል ሰው እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳምባ ውስጥ ሲሰነቀር ልቡ የተረፈለት ሰው በሳምባው ይሞታል። ሌቪን ከወጣቱ ሐኪም ከበርናርድ ላውን ጋር ሆነው 81 ሕሙማንን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ እያነሡ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙ። በሆስፒታሉ ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው ነበር፤ በሽተኛን ከአልጋ ማንሣት ነፍስ እንደ ማጥፋት ተቆጥሮ ነበርና። ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን አልባሱም። እንዲያውም ጭንቀታቸው ቀለል አለ፣ ስለ ነገ ማውራት ጀመሩ።

ላውን በኋላ ምቱ የተዛባን ልብ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን መሣሪያ በመሥራት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል የሰላም ሽልማት ካገኘው የሐኪሞች ማኅበር መሥራቾች አንዱ በመሆን ዓለም አወቃቸው። የወንበሩን ታሪክ የሚያነሣ ብዙ አይደለም። ሊነሣ ግን ይገባዋል፤ የሠለጠኑ፣ አዋቂ፣ ደግ ሐኪሞች የፍርሃታቸውን ትእዛዝ እንደ እውቀት ቆጥረው ለብዙ ዓመታት ሰዎችን አልጋ ላይ እንዳሰሩ ያሳያልና።

ከሆስፒታል የተሰናበተው ያ አልጋ ዛሬም በየቤቱ ተዘርግቷል። አባት ከሆስፒታል ሲመለሱ ሳሎኑ ይለወጣል። «ይተኙ፣ እኔ አመጣዋለሁ» የቤቱ ቋንቋ ይሆናል። ስልካቸው «እንዳይጨነቁ» ተብሎ ይወሰዳል። የልጅ ልጆች ድምፅ እንዳያሰሙ ወደ ጎረቤት ይላካሉ። የመሬቱ ክርክር፣ የታናሽየው ከሥራ መውጣት፣ የእኅታቸው መታመም ይደበቅባቸዋል። ደረታቸው ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ሰው አንዳንዱ ክልከላ እውነት ነው፤ የደረት አጥንት እስኪጠግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል ይፈጃልና እስከዚያ ከባድ ነገር ማንሣት፣ መግፋት፣ መጎተት አይፈቀድም። ለብዙዎቹ ግን ሐኪሙ ጭምር የሚያዝዘው መራመድ ነው። ከጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ የእግር ጉዞ፣ መጀመሪያ በግቢ፣ ቀጥሎ እስከ ሱቁ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ። ብዙ ጊዜ የሚከለክለው ቤተሰቡ ነው።

ከድንገተኛ የልብ ሕመም ከተረፉት ሰዎች ከ5ቱ 1 ያህሉ ከባድ የድባቴ ሕመም ያገኛቸዋል። በእኛ ቤት ይህ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ «ሆደ ባሻ ሆኑ»፣ «ነጭናጫ ሆኑ»፣ ወይም ከነጭራሹ «ይህን ሁሉ ለፍተንላቸው ምስጋና የላቸውም» ይባላል። ድባቴው በራሱ መታከም ያለበት ሕመም ነው፤ ለሐኪም መነገርም አለበት። የቤቱ ድርሻ ግን የለም ማለት አይቻልም። ትናንት ሠርግ የመረቁ፣ ጠብ ያበረዱ፣ የዘመድ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ ይደርሳቸው የነበረ ሰው ዛሬ የሚጠየቁት «በሉ? ዋጡ? ተኙ?» ብቻ ከሆነ፣ ሐዘኑ ከየት መጣ ብሎ መደነቅ አይገባም።

የዚህ ሁሉ ሥሩ ውለታ ይመስላል። ልጅ ወላጁን ሲያስታምም ያደገበትን ብድር የሚከፍልበት ቀን እንደደረሰለት ይሰማዋል፤ መልካም ስሜት ነው። ብድሩን ጨርሶ ለመክፈል የቸኮለ ልጅ ግን ሳያውቀው ወላጁን ከመስጠት ይከለክላል። እርሱ ሰጪ፣ እነርሱ ተቀባይ ሆነው እንዲቀሩ ይፈልጋል። ወላጅነት ደግሞ መስጠት ነው፤ ምርቃትም ይሁን ምክር፣ ተግሣጽም ይሁን ቡና መልቀም። ስለዚህ የታመመ አባት ያለበት ቤት በየቀኑ ሊጠይቀው ከሚገባ ነገር አንዱ አባት ዛሬ ምን ሊሰጡ ይችላሉ የሚለው ነው። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲመጡ ወደ ሌላ ቤት ከመላክ እርሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ቢሰሙስ? የልጅ ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ አጠገባቸው ቢቀመጥስ? እንዲህ ያለው ነገር ልባቸውን ያደክመዋል ወይ ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሚፈራው የተሻለ ነው።

አይዘንሃወርን ያየ ሥራ ለታመመ ልብ ሁልጊዜ ጠላት እንዳልሆነ ያያል። ሥራ ፈትተው መቀመጣቸው ከሥራው ይልቅ እንደሚጎዳቸው ካመኑት መካከል ባለቤታቸው ሜሚ አንዷ ነበሩ። ዶክተር ኋይትም እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሥራ ሊቆዩ እንደሚችሉ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ዳግመኛ ተመረጡ፤ የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ወጡ፤ እስከ 1969ም ኖሩ። እርግጥ ነው፣ የእርሳቸው ሕክምና የማንም ድኻ ሕክምና አይደለም። ሆኖም ከአጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ያደረጉት ነገር፣ ቦታቸውን ሳይነጥቁ ማስታመም፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቦታን አለመንጠቅ ሲባል ጾምም እዚህ ላይ ይነሣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀናት ከ180 ይበልጣሉ። 60 ዓመት ሲጾሙ የኖሩ እናትን «ከእንግዲህ ወዲያ አይጾሙም» ማለት ለልጅ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ለእርሳቸው ግን ማንነታቸውን መንካት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ እስልምናም በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል። ይሁንና ፈቃዱ ከልጅ አፍ ሲሰማ ክብደት የለውም። የንስሐ አባት ወይም የመስጊዱ ሼህ መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠው ቢናገሩት ይለያል። ብዙ ጊዜም መፍትሔው ጾሙን መተው ላይሆን ይችላል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ለልብ ክፉ አይደሉም። የሚያስቸግረው የኪኒኑ ሰዓትና ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ወጡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ጠበል የሚሄዱትም መድኃኒታቸውን ይዘው መሄድ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መጠቀም እንደሚቻል በይፋ አስተምራለች፤ ለልብ መድኃኒት የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታይም።

እስካሁን የተወራው ስለሸመገሉ ወላጆች ነው። በኢትዮጵያ ግን ልባቸው ከታመመ ወላጆች መካከል ገና ልጅ የሚያጠቡ እናቶችም አሉ። ነገሩ የሚጀምረው በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ነው። በፔኒሲሊን ሊድን የሚችለው የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሳይታከም ሲቀር፣ እንጥል በማስቆረጥና ቶንሲል በማስቧጠጥ ሲታለፍ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትልና የልብን ቫልቮች ቀስ እያለ ያበላሻል። ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት ድርጅት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል የከፈተው ለእንዲህ ዓይነቶቹና የልብ ክፍተት ይዘው ለሚወለዱ ሕፃናት ነበር። በወቅቱ ያልታከመችው ልጅ አድጋ ታገባለች። የጠበበ ቫልቭ ግን ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው በእርግዝና ነው፤ የሰውነቷ ደም ሲጨምር ልቧ አልችል ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እግሯ ያብጣል። ጎረቤትም እርግዝናው ከብዷት ነው ይላል።

ሰው ሠራሽ (ሜካኒካል) ቫልቭ የተገጠመላት እናት ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ይህ ደም ማቅጠኛ መነሻው እንግዳ ነው፤ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ የአሜሪካ ከብቶች ደማቸው አልረጋ ብሎ ሲሞቱ እ.ኤ.አ. በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደርና ጣሳ ሙሉ ደም ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከዚያ ምርምር የወጣው መድኃኒት በመጀመሪያ አይጥ ለመግደል ዋለ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፤ በዓመቱ ለአይዘንሃወር ተሰጠ። ዛሬ አንዲት የወሎ ወይም የሲዳማ እናት ያንኑ ኪኒን ትውጣለች። መጠኑ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ትደማለች። ስለዚህ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረግላታል፤ ልኩም እንደ ቫልቩ ዓይነትና ቦታ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ነው። ጎመን መብላት ትችላለች፤ ግን አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ሳምንት ከናካቴው አለመብላት ልኩን ያዛባዋል። ዳግመኛ ለመውለድ ካሰበችም መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችልና በድንገት መተዉም ለራሷ አደገኛ ስለሆነ፣ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መምከር ይኖርባታል። በብዙ ቤት ይህን ሁሉ ቀጠሮና መጠን የሚያስታውሰው ማንበብ የሚችለው ልጅ ነው። እናቱን የሚያስታምም ሕፃን ጎበዝ ተብሎ ይመሰገናል፤ ማን አይዞህ እንደሚለው ግን አይታሰብም።

አስታማሚ ሁሉ እንዲሁ ነው። ሜሚ አይዘንሃወር በሆስፒታሉ በዚያው ፎቅ ባለ ክፍል እያደሩ፣ ከመላው አገር ለሚጎርፈው የ«ይማርልን» ደብዳቤ በሺህ የሚቆጠር መልስ በእጃቸው እየፈረሙ ይልኩ ነበር። የሚጠብቅ ሰው እጁ ሥራ እንደሚፈልግ ይህ ያሳያል። የእኛዋ አስታማሚ ግን እጇ ሥራ አጥቶ አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ያላገባችው ታናሽ እኅት ናት፤ ሆስፒታል ከአልጋው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ታድራለች፣ ጎህ ሳይቀድ ካርድ ክፍል ትሰለፋለች፣ መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ ትፈልጋለች። ወንድሟ ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ዶላር ይልካል፣ እኅቷ ከሪያድ ደመወዟን ሳትነካ ትልካለች። ያለ እነርሱ ገንዘብ ስቴንቱም ቫልቩም አይገዛም፤ በሩቅ አገር ሌት ተቀን መሥራትም የማስታመም አካል ነው። የሚከብደው ገንዘቡ ትእዛዝ አስከትሎ ሲመጣ ነው። «ለምን ወደ ሌላ ሐኪም አልወሰድሽውም? ማነው ጨው ያበላው?» ይህን የምትሰማው ሌሊቱን ያልተኛችው ናት። ሩቅ ያለ ልጅ ሊይዘው የሚችል ሥራ ሞልቷል። ቀጠሮ ቀን በስልክ ገብቶ ሐኪሙን አብሮ ሊያዳምጥ፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበትን ቀን እርሱ ሊቆጥር፣ በሳምንት አንድ ቀን ከአባቱ በፊት እኅቱን ደውሎ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ሊላት ይችላል።

ከቤተሰቡ ወዲያ ያለው ሰፈር ነው። ጠያቂ ብርቱካንና ጭማቂ ይዞ በብዛት ይመጣል፤ ወዲያውም ቡና ይፈላለታል፤ የምታፈላውም ያቺው አስታማሚ ናት። ዕድር ለሞት የሠራውን ያህል ለሕመም አለመሥራቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ተራ ገቢው፣ ቀሪውን የሚቀጣው ደንብ ሁሉ ሥራ የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ለታመመ አባል ገንዘብ የሚሰጡ ወይም የሚያበድሩ ዕድሮች አሉ፤ ሊበዙ ይገባል። ከገንዘቡም በላይ ዕድር ሰው አለው። ልቡን የታመመ አባል ያለበት ቤት ተራ ቢመደብለት፣ አንዱ ሰኞ ሌሊት ካርድ ክፍል ቢሰለፍ፣ አንዷ ረቡዕ ከሰዓት ገብታ አስታማሚዋን ብታስተኛ፣ ሌላው አመሻሽ ላይ አባትን እስከ አስፋልቱ አብሯቸው ቢራመድ፣ ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። የአባላቱ መዝገብ አለ፤ ዳኛውም ጸሐፊውም አሉ። የሚቀረው በሚቀጥለው የወር ስብሰባ አጀንዳ ማስያዝ ነው።